በመዝገባችሁ ላይ ደህና ስለሆነችው ልጄ

ይድረስ የጥድ አፋፍን የእናቶች ማቆያ ቤት በጥናት ላስዘጉት ለክቡር የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ለአቶ ኒቆዲሞስ ቢተው፤
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና በቢሮዎ ያሉት ኮምፒውተሮች እንደምን ሰነበታችሁ? የወሎ ሰው ሰላምታውን ሳያዳርስ ወደ ጉዳዩ አይገባምና ከብቱ፣ ጎረቤቱና ዝናቡ እንዴት ነው ብዬ መጠየቅም ይገባኝ ነበር። ነገር ግን እርስዎ ከደጅ ያለውን ነገር የሚያውቁት በሠንጠረዥ በኩል ስለሆነ፣ ሠንጠረዥዎ ደህና ነው ወይ ብዬ ልለፍ። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ በዚህ አገር ሁለቱንም እንላለንና። ቁጥራችን አንድ ጎድሎ አለን።

መልአኩ አራጋው እባላለሁ። በዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ተምሬ ላለፉት ሃያ ዘጠኝ ዓመታት በመካነ ሰላም ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት፣ በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች የት እንደደረሱ ለማወቅ ባለመታደሌ ነው። አንባቢ ነገሩን ከሥሩ እንዲያውቀው ትንሽ ወደ ኋላ እንድመለስ ይፍቀዱልኝ።

በጥድ አፋፍ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አሥራ ሁለት አልጋ ያለው ቤት ነበር። ለመውለድ ሁለት ሦስት ሳምንት የቀራቸው እናቶች ከየመንደራቸው መጥተው ይሰነብቱበት ነበር፤ ምጥ ሲመጣ ግቢውን ተሻግረው አዋላጇ እጅ ላይ ይደርሳሉ። ባለፈው ዓመት ግንቦት ጽሕፈት ቤትዎ ሽፋኑ ባለ ቀለም የሆነ የአሥራ አራት ገጽ ጥናት አወጣ። በሦስት ዓመት ውስጥ በማቆያው ሰንብተው ከወለዱት 212 እናቶች ሰባቱ ሞተዋል፤ በቤታቸው ወለዱ ተብለው ከተመዘገቡት 940 እናቶች ግን አንዲትም የሞተች የለችም። ማቆያው በሞላበት ወር ሞት ይበዛል፣ ባዶ በሆነበት ወር ይቀንሳል፤ የሁለቱ ተዛምዶ 0.64 ነው። ስለዚህም፣ ይላል ገጽ አሥራ ሦስት፣ ማቆያ ቤቱ ለእናቶች ሞት ምክንያት ሆኖ ስለተገኘ ይዘጋ። ተዘጋም። ዛሬ የስብሰባ ወንበሮች ማስቀመጫ ሆኖ ያገለግላል፤ እስካሁን አንድም ወንበር እንዳልሞተ በደስታ እገልጻለሁ።

ለዚህ ሁሉ ድካምዎ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ።

1. በመጀመሪያ ስለ ተዛምዶ ያለዎትን ግንዛቤ ማድነቅ እፈልጋለሁ። በመንደር ሰው አነጋገር ይህ ነገር ከዚያ ጋር ይያያዛል ከተባለ፣ ይህኛው ያኛውን አመጣው ማለት ነው። ለመንደር ሰው መብቱ ነው፤ ማንም ደመወዝ ከፍሎ አልጠየቀውም። በሳይንስ ግን ተዛምዶ የሚባለው ሁለት ነገሮች አብረው ከፍ ዝቅ ማለታቸው ብቻ ነው። አንዱ ሌላውን አምጥቶት ይሁን፣ ወይም ሁለቱን የሚያንቀሳቅስ ሦስተኛ ነገር ይኑር፣ ቁጥሩ አይናገርም። ያ ጥያቄ የሚጀመረው ስሌቱ ካለቀ በኋላ፣ ከወንበር ተነሥቶ ጫማ አጥብቆ ነው።

እርስዎ ግን ከወንበርዎ ሳይነሡ ጨረሱት። በዚሁ መንገድ እንዲገፉበት ሁለት የምርምር ርዕስ ላበርክት። በመካነ ሰላም ገበያ ጃንጥላ ሻጭ ሲበዛ የወግዲ መንገድ ጭቃ ይሆናል፤ ጃንጥላ ቢከለከል መንገዱ ይደርቅልናል። ሁለተኛው የበለጠ ይጠቅማል። በየመንደሩ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ላይ ሆኖ ሟቹን የሚቀብርበት፣ ታማሚውንም በቃሬዛ የሚሸከምበት ቅሬ የሚባል ማኅበር አለን። የቅሬው ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር መንደሩ ውስጥ ሰው ሞቶ ይገኛል። አባቴ በነበረበት ዘመንም እንዲሁ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ስቶ አያውቅም። ጥሩንባ ነፊውን ቢያስሩልን ሞት ከወሎ ቦረና ይነቀል ነበር።

2. ወደ ማቆያው እነማን ይገቡ እንደነበር ማንንም ባለመጠየቅዎ የሥራ ፍጥነትዎን አደንቃለሁ። አዋላጇ ሲስተር ሉሊት እርጉዞቹን ስትመረምር፣ መንታ የያዘችውን፣ ፅንሱ የተጋደመባትን፣ ደም ግፊት ያለባትን፣ በፊት ወልዳ ደም የፈሰሳትን እየለየች በካርዳቸው ጥግ በቀይ እስክሪብቶ ክብ ታደርግ ነበር። ማቆያው የሚገቡት ባለ ቀይ ክብ እናቶች ናቸው። ጤነኛዋ ቤቷ ትቀራለች። ስለዚህ ሞት የተከተለው ቀዩን ክብ ነው፤ ቤቱ ከእነዚያ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ለሞት ከታጩ እናቶች ሁለት መቶ አምስቱን በሕይወት መልሷል። የሲስተር ሉሊት ቢሮ ከእርስዎ ጥናት ቡድን የምሳ ቦታ ፊት ለፊት ነበር። «መምህር፣ በልተው ሲጨርሱ ይመጣሉ ብዬ ካርዶቹን አውጥቼ ጠበቅኋቸው፤ መኪና ሲነሣ ሰማሁ» ብላኛለች።

3. ከሁለት መቶ አምስቱ አንዷ ልጄ ሰገነት ነበረች።

ሰገነት ከጥድ አፋፍ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ አስተማሪ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን እዚያው ማቆያ ሰንብታ ወለደች፤ ደም ፈሰሳት፤ ሲስተር ሉሊት በመርፌ አቆመችላት። ሁለተኛውን ስታረግዝ ካርዷ ላይ ቀይ ክብ ነበረ። ሻንጣዋን ይዛ ወደ ማቆያው ብትሄድ በሩ ላይ የለጠፋችሁትን ማስታወቂያ አገኘች፤ ቤቱ ለሞት ምክንያት እንደሆነ በጥናት ተረጋግጧል የሚለውን። ደወለችልኝ። ነይና እኔ ዘንድ መካነ ሰላም ሰንብቺ አልኳት። «አባዬ፣ የልጆቹን ፈተና ላርምና፤ ገና አሥራ አምስት ቀን አለኝ» አለችኝ። ምጡ ስምንት ቀን ቀድሞ ሰኔ አሥራ አንድ መጣ።

ሕፃኗ በሰላም ተወለደች፤ እናቷ ደም አላቋረጠላትም። የቅሬው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ። ወንዙ ሞልቶ አንድ ሰዓት አቆማቸው። ከፊት የተሸከመው ጎረቤቷ ጀማሉዲን ነበር፤ ለቅሶ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ተሻግረን የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ሲታየን ቃሬዛው ከበደን። እርስ በርስ አልተያየንም። አላቆምንምም» አለኝ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎን የሚያስደስት ነገር ልናገር። ማቆያው ክፍት ቢሆን ኖሮ ልጄ ትድን ነበር ብዬ መማል አልችልም። አንዲት ሴት ናት፤ ከአንድ ሰው ሕግ አይወጣም፤ ያስተማርኩት ትምህርት ይህን እንዳልል ይከለክለኛል። አባት ሆኜ በየማለዳው እለዋለሁ፣ የሒሳብ መምህር ሆኜ እሰርዘዋለሁ። እርስዎ በአሥራ አራት ገጽ ያልተጠነቀቁትን ያህል እኔ በገዛ ልጄ ላይ እየተጠነቀቅሁ መሆኔን እንዲያውቁልኝ ነው።

4. ሕፃኗን ማርያማዊት አልናት። በአርባ አምስት ቀኗ ለክትባት ይዣት የሄድኩ እኔ ነኝ። መዝጋቢው ልጅ ትሑት ነው፤ ወንበሩን ለቆልኝ ቆሞ ጻፈ። የተወለደችበት ቦታ፦ ቤት። የእናት ሁኔታ፦ ደህና። እጁን ያዝኩት። እናቷ ሞታለች አልኩት።

«ነፍስ ይማር ጋሼ» አለኝ። «ግን ሕፃን ለክትባት ከቀረበች ‹ደህና› ነው የሚሞላው። ሌላ ሣጥን የለውም። ባዶ ከተውኩት ሪፖርቱ ይመለስብኛል።»

ቤት የወለደች እናት መዝገባችሁ ላይ የምትገባው ሕፃኑ ለክትባት ሲመጣ ብቻ መሆኑን የተረዳሁት በዚያች ቅጽበት ነው። ሕፃኑም አብሮ ከሞተ ማንም አይመጣም፣ ማንም አይመዘገብም። ሕፃኑን አያት ወይም አክስት ይዛ ከመጣች ደግሞ የሞተችው ደህና ናት። ከ940 እናቶች አንዲትም ያልሞተችው ለዚህ ነው። በእናንተ መዝገብ ላይ ቤት ወልዶ መሞት አይቻልም። ልጄ እስከ ዛሬ ድረስ በጽሕፈት ቤትዎ ደህና ናት፤ ወደፊትም ማቆያ ቤት እንደማያስፈልግ ማስረጃ ሆና ታገለግልዎታለች። በእኔ ቤት የሌለውን ጤና እርስዎ ዘንድ ስላቆዩላት አመሰግናለሁ።

ከዚያ በኋላ ጫማዬን አጥብቄ ወጣሁ። ቅሬ የሚመዘግበው የሟቹን ስም፣ መቃብር የቆፈረውንና ከቀብር የቀረውን ነው፤ ቀሪ መኖሩን ለማወቅ ሟቹን መጻፍ ግድ ነውና አንድም ሬሳ አያመልጠውም። በአካባቢው ካሉት አሥራ ዘጠኝ ቅሬዎች አራቱን ዞርኩ። የአንደኛው ቅሬ ዳኛ ሼህ ሀቢቡላህ ደብተራቸውን ከሣጥን አውጥተው ጉልበቴ ላይ አኖሩልኝና፣ «ወላሂ መልአኩ፣ ይህን ደብተር አሳዩኝ ያለን አንተ የመጀመሪያው ነህ። እነሱ ሰው የሚጠይቁን ለስብሰባ ነው፤ የሞተ ምን ያደርግላቸዋል» አሉኝ። ከዚያም በጣታቸው እያወረዱ፣ ይቺ በምጥ፣ ይቺ በደም፣ ይቺ በወለደች በሦስተኛው ቀን እያሉ ቆጠሩልኝ። በምጥ የሞተች ሸሂድ፣ ሰማዕት ናትና ቅሬው አይረሳትም አሉኝ።

የእርስዎ ጥናት በሸፈናቸው ሦስት ዓመታት በአራቱ ቅሬ ብቻ ቤታቸው ወይም መንገድ ላይ የሞቱ አሥራ አንድ እናቶች አሉ። በጥናትዎ ዜሮ ናቸው። ማቆያው ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ አራት። የሦስቱን ስም ጠይቄ ጻፍኩ፤ የአራተኛዋን መጠየቅ አላስፈለገኝም።

5. አምስተኛው ቅሬታዬ እርስዎን አይመለከትም። ከፊርማዬ በታች ጽፌዋለሁ።

ለመሆኑ ምን ፈልጌ ነው? ልጄን መመለስ እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ ያ ሥልጣን ከጽሕፈት ቤትዎ በላይ ነው። የጀማሉዲን ሚስት ኑርጃን ግን በሕይወት አለች። መንታ ይዛለች፤ ካርዷ ላይ ቀይ ክብ አለ። ቀኗ ሰኔ መግቢያ ነው፤ ወንዙም ሰኔ ላይ ይሞላል። ይህ ተዛምዶ እንኳ ማንም ሳያሰላው ይታያል። ጀማሉዲን ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጥቶ ነበር፤ ሲነሣ፣ «ጋሼ፣ ያንን ቃሬዛ ሁለተኛ ትከሻዬ ላይ ባላየው» ብቻ አለኝ። ወንበሮቹ እንዲወጡና አልጋዎቹ እንዲመለሱ የምለምነው ለኑርጃን ነው።

ቁጥርን እንዲህ አድርገው ላከበሩ፣ ሰውን ግን ለማስቸገር ላልፈለጉ ክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና የማይሳሳት ሠንጠረዥ እየተመኘሁ፣ በመዝገብዎ የደህናዋ የሰገነት አባት፣ ሞታቸው በመዝገብዎ ያልተጻፈላቸው የአሥራ አምስቱ እናቶች ቆጣሪ፣ የማርያማዊት አያት ሆኜ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

መልአኩ አራጋው
የሒሳብ መምህር፣ መካነ ሰላም
መጋቢት 2018 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፤ ኒቆዲሞስ፣ እስካሁን አንቱ ያልኩህ ለወንበርህ ነው፤ ይህቺ ግን ለአንተ ናት። ከዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት በፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠህ ተዛምዶን ያሰላኸው እኔ ክፍል ውስጥ ነው። እስከ አራተኛው አሐዝ ሳትስት አሰላህ፤ መቶ ከመቶ ሰጠሁህ፤ ደብተርህንም ለክፍሉ ሁሉ አሳየሁ። ከዚያ ቀመር በኋላ ሁለት ገጽ ነበረ፤ ቁጥሩ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር የሚገልጽ። ሰኔ ደርሶ ነበር፣ ለፈተናም አይመጣም ነበር፤ ዘለልኩት። አምስተኛው ቅሬታዬ በራሴ ላይ ነው። ያንን ሁለት ገጽ ባስተምርህ ኖሮ ማቆያው አይዘጋም ነበር ብዬም መማል አልችልም፤ ያው ሕግ ነው። ነገር ግን የጎደለ ክፍለ ጊዜ ይካካሳል። በሚመጣው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከማቆያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ደብተር አያስፈልግህም። ቁልፉን ይዘህ ና።