እስከ ሦስት ላልቆጠረው ሆስፒታል

ለክቡር የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እግዚአብሔር ወገብዎን ያጽናልዎ፤ ከወንበርዎ በራስዎ ተነሥተው በራስዎ የሚቀመጡበትን ጉልበት አይንሳዎ። ይህን የምመርቀው ከልቤ ነው፤ ዋጋውን ካለፈው መጋቢት ወዲህ አውቄዋለሁና።

እኔ በዛብሽ እባላለሁ፣ የመምህር ሙሉነህ ባለቤት ነኝ። ባለቤቴ ዝናቡ ሳይጥል የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ልጠግን ብሎ ከጣሪያ ወደቀ። ያኔ የደረሱልን ጎረቤታችን ኦቦ ጃልዴሳ ከብት አርቢ ናቸው፤ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም። ሆኖም ጋቢያቸውን ጠቅልለው አንገቱን ግራና ቀኝ ደገፉለት፤ ከእንጨትና ከጠፍር ቃሬዛ አሰሩ፤ ሰው በየቦታው አቁመው በኦሮምኛ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» ብለው እስከ ሦስት ቆጥረው ሲጨርሱ ሁሉም እኩል አነሡት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ትከሻ በተቀያየሩ ቁጥር እንዲሁ ይቆጥሩ ነበር። በርዎ ላይ ስንደርስ ሙሉነህ የእግር ጣቶቹን አንቀሳቅሶ አሳየኝ፤ አይዞሽ፣ ገና እሮጣለሁ ብሎም ሳቀብኝ። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛ፦ ስለ ዘበኛዎ ጥንቃቄ። የውጭ ንብረት ገብቶ ሲወጣ ያጣላል በሚለው መመሪያዎ መሠረት ቃሬዛውን በር ላይ አስቀሩት። አስታማሚ ከሁለት አይበልጥም ተብሎም ኦቦ ጃልዴሳ ከነቆጠራቸው ውጭ ቀሩ። ባለቤቴን ከበር እስከ ድንገተኛ ክፍል አልጋ ያደረስነው ወንድሙ ወንዶሰንና እኔ፣ በብርድ ልብስ ነው።

ሁለተኛ፦ ባለጎማ ስትሬቸር እንዳለዎት በመስኮት አይቻለሁ፤ ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ቁልፉን የያዙት ባልደረባዎ ግን ነገሌ ሄደው ስለ ሕመምተኛ አያያዝ እየሠለጠኑ ነበርና በደንብ ሠልጥነው እንደተመለሱ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሦስተኛውን አሳምሬ ልጽፈው አልቻልኩም። ራጅ ይነሣ ተባለና ነርሷ ከጠረጴዛዋ ሳትነሣ አስታማሚዎች አንሡት አለች። ወንዶሰን ብብቱን ያዘ፣ እኔ እግሩን። ማንም አልቆጠረም። ወንዶሰን ቀደመ፣ እኔ ዘገየሁ፣ ሙሉነህ መሀል ላይ ታጠፈ። አንድ ድምፅ አሰማ፤ ከዚያ ወዲህ ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም።

ለአቤቱታዬ የሰጡኝ ባለማኅተም መልስ ጉዳቱ ከመውደቅ የመጣ ነው ይላል። ልክ ነዎት። ብቻ ሁለት ጊዜ ነው የወደቀው፤ ሁለተኛው በእጃችን ላይ ነው። እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ ክቡር ሆይ። እሱ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ የሚገድለኝም ይኸው ነው።

ማሽን ይግዙ አልልም። አንገት የሚይዝ አንድ ሰው፣ የሚቆጥር አንድ ሰው ይመድቡ። አዋቂ ከጠፋ ኦቦ ጃልዴሳ ሠራተኞችዎን በነጻ ሊያስተምሩ ፈቅደዋል፤ ዘበኛዎ ካስገባቸው።

ወገብ ላለው ሁሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ለመመሪያዎ ያለኝን አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣
ዘግይታ ያነሣችው
በዛብሽ፣ የመምህር ሙሉነህ ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ሙሉነህን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላወጣበት ብዬ ቃሬዛችንን ለመውሰድ መጥቼ ነበር። የሆስፒታሉ ንብረት ሆኖ ስለተመዘገበ ያለ ንብረት ማውጫው ቅጽ፣ ያለ ሞዴል 22 አይወጣም ተባልኩ። ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም ባለ ሰባት አሃዝ ቁጥር ተጽፎበታል። ለእንጨቱ ሰባት ቁጥር አልጠፋም፤ ለባሌ ሦስት ጠፋ።