የታችኛው ሰፈር ውሃ

ወዳጄ፣ ጉልበትህ ተሻለው? ልጄን ልጠይቅ መጥቼ፣ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ስታስተምር ከኋላ ተቀምጬ አየሁ። የየቤታችሁን ውሃ አምጡና እንመርምር ብላቸው ነበር። የታችኛው ሰፈር ልጆች ድፍርሱን ማሳየት አፍረው ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ ቀድተው መጡ። ገባት፤ አልተቆጣችም። እሷም የምትከራየው እዚያው ነውና የራሷን ድፍርስ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አቆመች።

«ቲቸር፣ የኛማ ሻይ ቅጠልም አይፈልግ» አለ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ ሁሉም እውነተኛውን አመጡ። ሰኞ የላይኛውንና የታችኛውን ሰፈር ውሃ ጎን ለጎን ይዘው ውሃ ቢሮ ይሄዳሉ። የእናቷ ወኔ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እሷ ላይ አድሯል።

እኛ ግን እዚያ ሰፈራችን ያው ድፍርስ እየወረደልን፣ እንግዳ ሲመጣ ከጎረቤት ሰፈር እየቀዳን ገመና ስንሸፍን ኖርን። እኔማ ትዕግሥት መስሎኝ ፈጣሪን አመሰግንበት ነበር፤ ለካ ሐፍረት ኖሯል። ስመጣ ከቧንቧችን ቀድተን አብረን ቢሮ እንገባለን፤ እምቢ እንዳትለኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ ቤተሰቡን ሁሉ ሳምልኝ፤ ፈጣሪ በደህና ያገናኘን።