ወንዝ ዳር የቀረው ነጋዴና የእናትሽ በቅሎ

ለውዷ ባለቤቴ ለብርቄ፤

ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላን ነው። እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ አንቺ ካለሽበት ጤና የጎደለው ሰው አለ ሲባል አልሰማሁም። እኛ ደኅና ነን። የቤታችን ሣር ክዳን ተነሥቶ ቆርቆሮ ለብሷል። እንደ ባለጸጋ ሆነናል፤ ዝናብ ሲዘንብ ግን እንጣላ እንዋደድ አይታወቅም፤ አንሰማማም። እናትሽ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ለቀው እኔ ዘንድ ገብተዋል። አትደንግጪ፤ ሁለታችንም በሕይወት አለን።

አንድ ወሬ ግን የአራዳ ሰው አጣሞ ሳያደርስሽ ከእኔው ስሚው። ሩጫ ጀምሬአለሁ።

እንደምታውቂው ድሮ እንጀራዬ ሩጫ ነበር። የጌታዬን በቅሎ ተከትዬ ስሮጥ እውልና፣ ማታ ራት እስኪቀርብ በመንገድ ላይ የፈጠርሁትን ታሪክ እነግርሽ ነበር። ኋላ ጽሕፈት ያውቃል ተባልሁና ጸሐፊ ተደረግሁ፤ ወንበር ተሰጠኝ። ወንበሩ ላይ በተቀመጥሁ ማግሥት ታሪኩ ጠፋ። ብዕር አለ፣ ቀለም አለ፣ ወረቀት አለ፤ ሐሳቡ ብቻ ከበቅሎዋ ኋላ ቀርቷል። የምጽፈው ሁሉ «ከዚህ ቀደም እንዳመለከትነው» ብሎ ይጀምርና ገጹ ሳያልቅ ያንቀላፋል።

በጀመርሁልሽ ታሪክ ውስጥ ያለው ነጋዴ ወንዝ ዳር የቀረውም ያኔ ነው። ጨው ሸጦ ወደ ሚስቱ ሲመለስ የነበረው ሰውዬ፣ ታስታውሺዋለሽ። እሱን ወንዙ ዳር ባደረስሁት ሰሞን አንቺ ታመምሽ። በመጨረሻው ሳምንት አልጋሽ ላይ ሆነሽ፣ «ሰውዬውን እዚያ ብርድ ላይ ትተኸው እንዳትቀር፤ አሻግረው» አልሽኝ። እሺ አልሁሽ። ከዚያ ወዲህ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ድልድይ ሠራሁለት፣ ታንኳ አመጣሁለት፣ አንዴማ መልአክ ሁሉ ላክሁለት። ንቅንቅ አላለም።

ቢቸግረኝ አንድ ማለዳ ካባዬን ደርቤ በአራዳ ገበያ ዳር ሩጫዬን ለቀቅሁት። የአገሩን ሥርዓት ረስቼ ነው። ጨዋ ሰው ይሄዳል፤ የሚሮጥ ሎሌ ነው፤ ሎሌም የሚሮጠው ከበቅሎ ኋላ ነው። ከፊቴ በቅሎ ያጡት ሰዎች አምልጣኝ ነው ብለው አዘኑልኝ። ጨርቅ ሻጩ ሱቁን ዘግቶ ፍለጋ ወጣ። ሴቶቹ ቁልቁል ስትወርድ አይተናታል ብለው መሰከሩ፤ አንድ ሽማግሌም መልኳ ዳማ እንደሆነ ምለው አረጋገጡልኝ። ከቀትር በፊት አንዲት የሰው በቅሎ ተይዛ መጣችልኝ፤ ባለቤቷም ዱላውን ይዞ ከኋላዋ።

እናትሽ ሲስቁ ቆይተው መፍትሔውን አመጡ። በቅሎ አላቸው፤ ቤተ ክርስቲያን መሳሚያ፣ ዘመድ መጠየቂያ አያጡም። እሳቸው ይቀመጣሉ፣ እኔ ከኋላ እሮጣለሁ። አሁን አማቱን እንዲህ የሚያከብር ሰው አልታየም እየተባለ፣ የሰው ሚስቶች ባሎቻቸውን በእኔ ይሰድባሉ።

ሩጫ ለጽሕፈት ምን ይበጃል ትዪ ይሆናል። ነገሩ ትንፋሽ ነው። ተቀምጬ የምጽፈው ዓረፍተ ነገር ከጊዮርጊስ ከተነሣ ቀበና ሳይደርስ አያርፍም ነበር። እየሮጥሁ ታሪኩን ለእናትሽ ጮክ ብዬ ስነግራቸው ግን፣ የሚወጣው ትንፋሼ የቻለውን ያህል ብቻ ነው። «እጅግ የተከበረው» ዳገት አይችልም፤ እጥለዋለሁ። «ከላይ እንደተጠቀሰው» መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ይቀራል። የዳገቱ ጫፍ ላይ የሚደርሰውን ቃል፣ ቤት ስገባ ሳልቀመጥ እጽፈዋለሁ። እናትሽ ከኮርቻ ላይ ሆነው ይፈርዳሉ፤ ቃሉ ካልጣማቸው በቅሎዋን በእግራቸው ነካ ያደርጓታል፤ እኔም ቅጣቴን እሮጣለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቀበና ማዶ ዘመድ ጠይቀን ስንመለስ ዝናቡ ወንዙን አደፍርሶት አገኘነው። በቅሎዋ ዳር ላይ ቆማ እምቢ አለች። እኔም ቆምሁና እግረ መንገዴን ስለ ነጋዴው ጀመርሁ፤ ሰውዬው ውኃው እስኪጎድል እየጠበቀ ነው አልኋቸው። እናትሽ ቁልቁል አዩኝ።

«ልጄ፣ ወንዙ እንደሆነ ጉልበት አይደርስም። ቤቱ ሲገባ ሚስቱን እንዳያጣት ፈርቶ ነው የቆመው» አሉኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉት።

ልጓሙን ይዤ ገባሁ። እውነትም ከጉልበት በታች ነበር። ከማዶ እንደወጣን ሩጫዬን ያዝሁ፤ ነጋዴውም ሮጠ። መንደሩ ገባ፤ ደጁን መታ። ሚስቱ አልከፈተችለትም። የከፈቱለት አማቱ ናቸው፤ እግርህ ጭቃ ነው፣ እዚያው አራግፍ ብለው ተቆጡትና አስገቡት። በዚሁ አለቀ። እናትሽ አማቲቱ ነገረኛ ሆነዋል፣ ይስተካከል ብለዋል። አላስተካክልም።

እንግዲህ ብርቄ፣ ሰውዬሽ ተሻግሯል። ነገም በቅሎዋ ኮርቻዋን ትጫናለች፣ እኔም እከተላለሁ። ዳገቱ ላይ ሌላው ቃል ሁሉ ሲያልቅብኝ ስምሽን እጠራለሁ። አጭር ነው፤ ትንፋሼ ይበቃዋል።

ባልሽ