የጆናስ ድርሻ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ ለሂራም ጋሮድ፤

አባዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን አለህ? ጉልበትህስ እንዴት ሆነ? ሳሉ ለቀቀህ ወይስ እማዬ ደብቃኝ ነው? «ደህና ነው» ብላ በአንድ መስመር ስታልፈው አላመንኳትም። የልብ ሐኪምህ ምን እንዳለ አንተው ራስህ ጻፍልኝ። እኔ የእንግሊዝ ዝናብ አልለቅ ብሎኝ እንጂ ደህና ነኝ።

«ከየት እንደ መጣን ሳላውቅ እንዳልሞት» ብለህ ስለላክኸኝ፣ ሳላበጥር የምልክልህ ነገር እንዳይኖር እፈራለሁ። ያንን ሚስተር ፔል ያወጣልንን የዘር ሐረግ፣ አያታችሁ ነው ያለንን ባላባት ከነጋሻው ሥዕል፣ እባክህ ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅለው። ሰውየው ለአሜሪካውያን ዘር በመቁጠር የሚተዳደር ነው፤ አፉ ቅቤ ነው። የጠየቅኩትን ሁሉ ያገኛል፤ አንድም ቀን «አጣሁት» ብሎ አያውቅም። ይሄ ነው ያስጠረጠረኝ። ስለዚህ ወጥመድ ዘረጋሁለት። «በ1637 ማሳቹሴትስ የገባው የጥንት አያታችን የጆናስ እናት ዶርካስ ዊምፕል ትባላለች ይላሉ» አልኩት፤ ስሙን የፈጠርኩት ቁርስ ላይ ነው። በሳምንቱ እያለከለከ መጥቶ፣ «እንኳን ደስ አለዎት ወይዘሪት ሎይስ! መቃብሯን አገኘሁት» አይለኝም መሰለህ! ያልተወለደች ሴት ቀብሮ ጠበቀኝ።

ከዚያ ወዲያ ማንንም ላለማመን ወስኜ ብቻዬን ብራንድሊ ወደምትባል የገጠር መንደር ወረድኩ። በመንደሩ በእኛ ስም የቀረችው አንዲት አሮጊት ብቻ ናት፤ ዊኒፍሬድ ጋሮድ ትባላለች። እንደ ፔል ላሉት ስም ከሰጠኋቸው መልሰው እንደሚሸጡልኝ ስላየሁ ጆናስ የሚለውን ከአፌ ላላወጣ ማልኩ። መጠጥ ቤት ገብቼ ቤቷን ስጠይቅ ወንዶቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ብርጭቆ ብርጭቋቸውን ማየት ያዙ። ለካ እነሱም እኔን ጠርጥረዋል። አንዱ ብቻ፣ «ውሻዋ እንኳ አይናከስም፤ እሷን ግን እንጃ» አለኝና ተሳሳቁ።

ሳንኳኳ አሮጊቷ በሩን ሰንሰለቱ እስከሚፈቅድ ብቻ ገርበብ አደረገችው። ከአሜሪካ እንደ መጣሁና ጋሮድ እንደምባል ነገርኳት። «አውቄው ነበር! ማሳውን ፈልገሽ ነው» አለች። የምን ማሳ ብላት፣ «አላዋቂ አትምሰይብኝ! የጆናስን ድርሻ ነዋ! ወንድሙን 'እስክመለስ ጠብቅልኝ' ብሎ አይደል የሄደው? አባቴም ሲሞት 'አንድ ቀን ልጆቹ ይመጣሉ፤ ተጠንቀቂ' ብሎኛል» አለችኝ።

አባዬ፣ ስሙን እኔ አልነገርኳትም፤ ሌላ ሰው ሊነግራት አይችልም። የፔል ማር ምላስ ያላሳመነኝን የዚች ሴት ክፋት አሳመነኝ። ደግሞስ በበሩ ክፍተት ያፈጠጠችብኝ ዓይን ያንተው ዓይን አይደለች? አዟሪ ነጋዴ ቤታችንን ሲያንኳኳ የምታይበት ዓይን!

እንድትረጋጋ ብዬ፣ «እማማ ዊኒፍሬድ፣ አይስጉ፤ ማሳውን አንፈልገውም» አልኳት። ሰንሰለቱ ተንኮሻኮሸና በሩ ወለል አለ። ደስ ያላት መስሎኝ ነበር። «አንፈልገውም?» ብላ ጮኸችብኝ። «እኛ በክፉ ቀን የራሳችንን እየሸጥን፣ የእናንተን ጫፉን ሳንነካ ኖረን፣ ዛሬ መጥተሽ አንፈልገውም ትይኛለሽ?» ብላ እዚያው ደጃፉ ላይ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

አሁን እሷ ቤት ነው ያረፍኩት። ሻዩን ከወተት ጋር ሰጥታኝ፣ እስክጨርስ ድረስ ግን በእጄ ከያዝኩት ማንኪያዋ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ። ወንድሜ ካሌብ የባላባቱን ጋሻ ለዶሮ ቤቱ ክዳን ያድርገው። አክስቴ ሩት ስለ ባላባቱ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ከሆነ ቀስ ብላ ታስተባብል፤ ብትቆጣም ሰላም በልልኝ። ዊኒፍሬድን ለአባቴ ሰላምታ ላኪ ብላት እምቢ አለች። «ሰላምታ ለመጣ ሰው ነው። ልጅ የለኝም፤ ከእኔ በኋላ ማን ይጠብቅለታል? ቶሎ ይምጣ በይው» ብላሃለች።

ልጅህ ሎይስ
ብራንድሊ፣ ሰፎክ፣ እንግሊዝ
ግንቦት 9 ቀን 1974