የወፍራሙ ሰውዬ ቆዳ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሐኪሙ የላዩን ብቻ አየ። እጥፋቱን ከፍ አላደረገውም። እኔም ከፍ አላደረግሁለት።

ፈረንጅ ነው፤ ኢንሹራንሱ ከአዲስ አበባ የላከው። ኩባንያችን የጭነት ማኪናዎቹንም እኛን ሠራተኞቹንም ኢንሹራንስ አስገብቷል። ሊማሊሞ ላይ የተገለበጠ ማኪና ነበር፤ የቆሰለውን ሾፌር ሊያይ መጥቶ እግረ መንገዱን እኔን አየ።

አዲ አርቃይ መጋዘን ሳለሁ የያዘኝ በሽታ ወራት አስተኝቶ ሥጋዬን ወሰደ። ቆዳውን ተወልኝ። ከእምብርቴ በታች እንደ ባዶ ስልቻ ታጥፎ ይንጠለጠላል። እጥፋቱ ውስጥ ይቆስላል። ይሸታል። የሆስፒታሉ ሐኪም ተቆርጦ ይሰፋል ብሎኛል። ወጪውን ግን ኢንሹራንሱ ካልቻለው እኔ አልችለውም።

ሆዴን በረጅም ጨርቅ ጠፍንጌ፣ ኮቴን ቆልፌ ነበር ቢሮ የገባሁት። እንግዳ ሰው ፊት ተዝረክርኮ እንዴት ይቀረባል? ግድግዳው ላይ ጃንሆይ ያዩኛል። ጨርቁን ፈትቼ ቆምሁ። የኢንሹራንሱ ወኪል አቶ ግርማ ያስተረጉማል።

«ያምዎታል ወይ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሥራ ያስቸግርዎታል?»

«ተመስገን፣ ምን እላለሁ።»

ሐኪሙ ጻፈ። የጻፈው አጭር ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሊነጋ ሲል ሕልም። ወፍራሙ ሰውዬ ከከተማችን ፒያሳ ቁልቁል ከፊቴ ይሄዳል። በፊት የነበርሁት ሰውዬ ነው። ኮቱ የኔ፣ አረማመዱ የኔ። መንገዱ ጉም ነው። ዞር አለና ቆዳውን እንደ ጋቢ አውልቆ አሸከመኝ። «ያዝልኝ፣ እመለሳለሁ» አለ። ጉሙ ውስጥ ገባ። እኔም ቆሜ ያዝሁለት። ክብደት አልነበረውም፤ ግን ክንዴን አደከመው።

አልጋው ላይ ውብነሽ ጠርዝ ይዛ ተኝታለች። ሚስቴ እስከ ዛሬ ለሰውዬው ቦታ ትለቃለች።

አሁን እዚህ ከተማ የምሠራበት መጋዘን ዘበኛ አያ ወርቁ ወሬውን ሰምቷል።

«ምነው ትቆርጠዋለህ? ነገ ሥጋህ ሲመለስ ምን ውስጥ ይገባል?»

«አይመለስም፣ አያ።»

«ሸጋ ሰው ነበርህ እኮ። ስታልፍ ማኪና ያለፈ ይመስል ነበር። እንግዲያ ከቆረጡት ፈርመህ ተረከብ። ለጅብ እንዳይጥሉብህ።»

ሳቅሁ። ስስቅ እጥፋቱ ተላቅቆ አቃጠለኝ። ሳቄን ዋጥሁ።

የማልችለው፦ ከታችኛው መደርደሪያ ዕቃ ማንሣት። መስገድ። ወደ ውብነሽ ዞሬ መተኛት።

ስለ ቁስሉ አታውቅም። ሱሪ አልሆን አለኝ፣ መቆረጡ ለመልክ ነው ብያታለሁ። እጥፋቱ መሐል የማደርገውን ጨርቅ ከአሮጌ ነጠላ ቆራርጬ ከሣጥኑ ሥር ደብቄያለሁ። የሚገርመው አያልቅም። አንድ ነጠላ ይህን ያህል ነበር? አንዳንዴ ጨርቁ በጨለማ የሚወልድ ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አቶ ግርማ መጋዘን ድረስ መጣ። ባርኔጣውን እጁ ላይ ያዞራል።

«አልተሳካም። ሰውየው ደኅና ነኝ ይላል፣ የሚፈልገው ለመልክ ነው ብሎ ነው የጻፈው። ኢንሹራንስ ደግሞ ለመልክ አይከፍልም።»

«ደኅና ነኝ መቼ አልሁ?»

«ያምዎታል ወይ ስልዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አላሉም?»

«ታዲያ ምን ልበል? አምላኬን ላማርር?»

ባርኔጣውን ማዞሩን ተወ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ ነፍሷ ልትወጣ ስትል እንኳ ተመስገን ነበር የምትለው። እኔ ይገባኛል። እሱ አይገባውም» አለ።

ሐኪሙ ገና ከተማ ነው። ነገ እንዲያየኝ ይለምንልኛል። «ግን በአፍዎ ይናገሩ። ያላሉትን ጨምሬ አልተረጉምም።»

ለመልክ። ለሚስቴ ያልኋት ቃል ዞሮ መጣ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬም አልሆነም። ሐኪሙ ወደ ሾፌሩ ሄዶ አመሸ። ነገ ጧት ያየኛል፣ ከዚያ ወደ አስመራ ይሄዳል። ነገ ካለፈ አለፈ።

መጋዘኑ ባዶ ሲሆን ጎማዎቹ ፊት ቆሜ ቃሉን ለመናገር ሞከርሁ። ያመኛል። ድምፄ አልወጣም። ደግሜ ሞከርሁ። የወጣው ሹክሹክታ የሌላ ሰው ይመስላል። ጎማዎቹ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ተደርድረው ያዳምጣሉ። አባቴ እግሩ ተሰብሮ ሲያነክስ የኖረ ሰው ነው፤ አመመኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም። እኔ ማን ነኝ?

ማታ ውብነሽ፣ «ነገ አብሬህ እሄዳለሁ» አለች።

«ለሱሪ ነገር ምን ያደክምሻል።»

«ሱሪውን የማጥበው እኔ ነኝ» አለች። ራት አቀረበች።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

የደብሩ ደወል ከሩቅ ይሰማል። ውብነሽ ከቢሮው ውጭ አግዳሚው ላይ ቀረች። በሩ በደንብ አይዘጋም፤ ጣሊያን የሠራው ነው፣ እንጨቱ አብጧል።

«ያምዎታል ወይ?»

ተመስገን ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ነከስሁት። አቶ ግርማ መሬት መሬት ያያል። ሐኪሙ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣ።

«ያመኛል» አልሁ።

ከዚያ አንዱ ቃል ሌላውን እየጎተተ አወጣው። ይቆስላል አልሁ። ይሸተኛል፣ ሰው አጠገብ አልቆምም። ጎንበስ አልልም። ከታመምሁ ወዲህ አልሰገድሁም። ወደ ሚስቴ ዞሬ አልተኛም። አቶ ግርማ አንዱንም ሳይዘል ተረጎመ። በሁለት እጄ እጥፋቱን ከፍ አደረግሁት። ሐኪሙ ተንበረከከ። ፈረንጅ ፊቴ ሲንበረከክ ማየት እንደ ሕልም ነው። የቀድሞውን ጽሑፍ ሰረዘ። አዲሱ ረጅም ነበር።

«የሚወስኑት አዲስ አበባ ናቸው» አለኝ አቶ ግርማ። «ለመልክ የሚለውን ግን አጥፍቶታል።»

ስወጣ ውብነሽ ተነሣች። እጇ ላይ የታጠፉ የነጠላ ቁራጮች አሉ፤ የታጠቡ፣ ዳራቸው የተዘመዘመ። ዝምዝማቱን አወቅሁት። ከሣጥኑ ሥር ያሉትም እንዲሁ የተዘመዘሙ ናቸው። እኔ መዘምዘም አልችልም።

«ያደረግኸው ረጥቦ ይሆናል ብዬ ነው» አለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሰውዬው በሕልሜ አልመጣም። ወደ ውብነሽ ዞሬ ለመተኛት ሞከርሁ፤ አቃጠለኝ፣ ነገርኋት፤ በመካከላችን ትራስ አደረገች። ጠርዙን ግን ትታዋለች።

ከአዲስ አበባ መልስ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። እንቢም ሊሉ ይችላሉ።

ጧት አያ ወርቁ የመጋዘኑን በር ሲከፍትልኝ፣ «እንደምን አደርህ?» አለ።

«ያመኛል፣ ተመስገን» አልሁት፤ ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ።

ቁልፉን እንደያዘ ትንሽ አየኝ።

«ሸጋ» አለ። ምኑ ሸጋ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።