እህትና ወንድምን በአንድ ስክሪን ላስቀመጠው ጽሕፈት ቤት

ለክቡር አቶ ዊሊሶኒ ታኡፋ
የደሴቶች የኢንተርኔት ትምህርት ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኑኩአሎፋ፣ ቶንጋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም በእኛ በደሴቶቹ ሰዎች ጉዳይ ያልተረበሸ እንዲሆን እመኛለሁ፤ የመጨረሻው ምኞቴ ሳልመኘው በፊት እንደ ተፈጸመ ግን ከሰሞኑ መመሪያዎ ለመረዳት ችያለሁ።

ላቪኒያ ፊፊታ እባላለሁ። ከፊጂ ዋና ከተማ ከሱቫ በሒሳብ ተመርቄ ወደ ትውልድ ደሴቶቼ ወደ ሃአፓይ ከተመለስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። የመንግሥት ምደባ እስኪመጣ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ስላልሆነልኝ፣ ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ልጆች ጋር ትንንሽ የአልጀብራ ክፍሎች በኢንተርኔት ከፈትን። በአንድ ክፍል አራት ወይም አምስት ልጅ ይገባል፤ የሚመራውም ከልጆቹ አንዱ ነው። መሪው መልሱን መናገር ክልክል ነው፤ የሚፈቀድለት “ለምን?” ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። የእኔ ሥራ መስመሩን ከፍቶ አፍን መዝጋት ሲሆን፣ ከሁለቱ የከበደኝ የትኛው እንደ ሆነ እናቴን ቢጠይቁ ይነግሩዎታል። ጽሕፈት ቤትዎ ይህን ሥራ ፈቅዶ፣ ተሳትፎውም በዋናው ደሴት ላለው አዳሪ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ለመቀመጥ እንዲያበቃ ወስኖ ነበር። ለዚያ ውሳኔ ከልብ አመሰግናለሁ። ከዚህ በታች ለሚከተሉት ምስጋናዎች ግን ተመሳሳይ ዋስትና መስጠት አልችልም።

አንደኛ፣ ስለ ቁጠባዎ አመሰግናለሁ። በአዲሱ መመሪያዎ ትንንሾቹ ክፍሎች ተጨፍልቀው ትልቅ እንዲሆኑ፣ የአንድ ቤተሰብ ልጆች በአንድ ክፍል እንዲመደቡ፣ የሁሉም ተማሪ ፊት ትምህርቱ እስኪያልቅ በካሜራ እንዲታይ አዘዋል። በዚህም መሠረት የሰባተኛ ክፍሏ ሉፔና የስምንተኛ ክፍሉ ወንድሟ ሃሎቲ ጎን ለጎን በአንድ ስክሪን ላይ ተቀመጡ።

ክቡር ሆይ፣ የቶንጋ እናት ለወለደችው ሰው የሚከተለውን ማስረዳት ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም መመሪያውን ያረቀቀው እጅ ያደገበትን ቤት የረሳ ስለ መሰለኝ ላስታውሰው እገደዳለሁ። ድምፁ መጎርነን የጀመረ ወንድም ከእህቱ ጋር በአንድ ክፍል አይቀመጥም፤ አብሯት ቴሌቪዥን አያይም፤ እሷ በምትሰማበት አይቀልድም፣ በሰው አያላግጥም። እህት በማዕረግ ትበልጠዋለችና እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል። የአጎትና የአክስት ልጆችም እህትና ወንድም ናቸው። ሃሎቲ ዕድሜው ሲደርስ አጎቱ ቤት ማደር የጀመረው ከማንም ተጣልቶ እንዳልሆነ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ካላወቁት ውስጥ እስካሁን የተገኘው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ የእኛ ልጆች አልጀብራ የሚማሩት በምን እንደ ሆነ ልንገርዎት፤ እርስ በርስ በማላገጥ ነው። ሃሎቲ በድሮው ክፍሉ ሳለ ጓደኛው ቶማሲ ከእኩልታው በአንዱ ወገን ሦስትን ቀንሶ ሌላውን ወገን እንዳለ ተወው። ሃሎቲም መልሱን አልነገረውም፤ “አንተ ሰውዬ፣ ከጀልባው ግራ ጎደሬውን አውርደህ የቀኙን ትተኸው ልትቀዝፍ ነው? እኔስ ወርጃለሁ፤ ዋና የምትችል ከሆነ በርታ” አለው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ቶማሲም እየተሳደበ ስህተቱን ራሱ አገኘው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት የማስተማር ዘዴ ይህን ያህል ቶሎ የሚሠራ አልነበረም።

በተዋሐደው ክፍል የመጀመሪያ ቀን ተራዋ የሉፔ ነበርና እሷ መራች። “ቀጥሎ ማን ይሞክራል?” ስትል ከወንዶቹ አንድም ድምፅ ጠፋ። ከጥቂቶቹ በቀር ወንድሞቿና የአጎቷ ልጆች ናቸው፤ እንደ ቶማሲ ያለው ባዕድም ወንድሞቿ ባሉበት ከእሷ ጋር አይጫወትም። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው የየራሳቸውን ጉልበት ያያሉ። ክፍሉን ይከታተሉ የነበሩት የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረባ ትዕግሥታቸው አለቀና፣ “ሃሎቲ፣ ቀና በል እንጂ! እህትህ ናት እኮ፣ ምን ያሳፍርሃል?” አሉ። ሃሎቲ ስክሪኑን ዘጋ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜም ሉፔ ስትገባ እሱ ወጣ።

ሁለተኛ፣ የሰውን ልብ ከሩቅ ስለሚያነቡበት ጥበብ አመሰግናለሁ። ባልደረባዎ በሃሎቲ ስም ትይዩ “የመማር ፍላጎት የለውም” ብለው ስለጻፉ፣ የፊታችን አርብ ከተፈታኞች ስም ዝርዝር እንደሚሰረዝ ተነገረን። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ወሬው ሲደርሳቸው አልተቆጡም፤ “ትምህርቱ ካልፈለገው እኔ እፈልገዋለሁ፤ ጀልባዬ ሰው ያንሳታል” ብለው መረባቸውን መጠገን ቀጠሉ። ክቡር ሆይ፣ ቁጣ ቢሆን ይበርዳል ብዬ በጠበቅሁ ነበር። ይህ ግን ልጁ የሚተኛበትን የጀልባ ጥግ የወሰነ ሰው ንግግር ነው።

በዚያው ሳምንት፣ በአገራችን ሹም ፊት ሲቀርቡ የሚታጠቁትን የክብር ሰሌኔን ወገቤ ላይ ታጥቄ፣ ማዕበሉ እያንገላታኝ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጣሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ የተቀበሉኝ አንዲት ትሑት ሠራተኛ ነበሩ፤ እህትና ወንድምን ለያይቶ መመደብን ኮምፒውተሩ እንደማይቀበል ነገሩኝ። ኮምፒውተሩን እንዲህ አድርጎ ያዘጋጀው ማን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፣ “እኛው ነን፣ የኔ እህት፤ አሁን ግን እኛንም አይሰማንም” አሉኝ። በእውነቱ ከእርስዎ ቤት የሰማሁት ቅን መልስ ይህ ብቻ ነው፤ እባክዎን እኚህን ሴት እንዳይቀጧቸው።

ሦስተኛ፣ በልጆቻችን መካከል ስላሰፈኑት ፍቅር አመሰግናለሁ። ሉፔ የወንድሟን መሰረዝ በሰማች ማግሥት ቤቴ ድረስ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላት እንቢ አለችኝ። “እትዬ ላቪኒያ፣ እኔን አስወጪኝ፤ እሱ ይግባ” አለች። እሷም ብትሆን ይህ ክፍል እንደሚያስፈልጋት፣ እንደ እሷ የሚመራ ልጅ እንዳላየሁ ነገርኳት። “ለእኔ ሌላ ዓመት አለኝ፣ ለእሱ ግን ጀልባው ነው ያለው” ብላኝ ሄደች፤ በማግሥቱም ከክፍሉ ቀረች።

ሃሎቲ በዚህ ደስ ብሎት ይመለሳል ብለው ከጠበቁ፣ ክቡር ሆይ፣ አሁንም የየትኛው አገር ሰው እንደሆንን ዘንግተዋል። ከእህቱ ቀምቶ የበላ ወንድም በዚህ ደሴት አንገቱን ቀና አድርጎ አይሄድም። እሷን በቀጥታ ማነጋገር ስለማይችል በቶማሲ በኩል ላከ፤ ቶማሲም ለወትሮው ቀልደኛው ልጅ፣ ቃሉን እንደ ጸሎት ደግሞ ደጋግሞ አጥንቶት መጣ፦ “እሷ በለቀቀችው ቦታ አልቀመጥም። ትመለስ።” እንዲህ ሁለት ልጆች አንዱ ሌላውን ሲያከብር ሁለቱም ከትምህርት ውጭ ሆኑ። ጽሕፈት ቤትዎም ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ “የሥነ ምግባር ጉድለት” ሲል ሰየመው። በጨዋነት ስማቸው የሚነሳ ሁለት ልጆችን በሥነ ምግባር ጉድለት ለመክሰስ የሚጠይቀውን የሐሳብ ድካም ሳስብ ባልደረቦችዎ ዕረፍት እንደሚገባቸው ይሰማኛል።

አራተኛውን፣ ስለ ማስጠንቀቂያዎ የማቀርበውን ምስጋና፣ አላረዝመውም። ልጆቹ የእርስዎንም ፈቃድ የእኔንም ምክር ሳይጠብቁ ክፍሉን ለሁለት ከፈሉት። አንደኛውን ሉፔ ትመራለች፤ ሁለተኛውን ቶማሲ ይመራል፤ ሃሎቲም ከትናንት በስቲያ ተመልሶ ገብቶ፣ ቶማሲን ክፍልፋይ ባለበት እኩልታ ላይ እያላገጠበት በሳቅ ሲያስለቅሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወዲያው ግን ሁለቱም ክፍሎች “ሕገ ወጥ” እንደ ሆኑ፣ በእነርሱ ውስጥ የተማረ ልጅ ሁሉ ተሳትፎው እንደማይቆጠር ማስጠንቀቂያዎ ደረሰን። ስለዚህ አርብ ከወላጆች ጋር በሚያደርጉት የኢንተርኔት ስብሰባ የሚሰረዘው የሃሎቲ ስም ብቻ አይሆንም።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ ነገር ከማዕረግዎ በታች እንዳይሆን እሰጋለሁ። ሁለት መግቢያ ሊንክ ነው የምለምነው። የወንዶቹ አንድ፣ የሴቶቹ አንድ። እህትና ወንድም እንደ እህትና ወንድም ተከባብረው የሚማሩበት መንገድ በእጅዎ ጣት ሥር አለ። እኔ ወጣት ስለሆንኩ ነገሮች ይስተካከላሉ ብዬ አምናለሁ፤ ይህ እምነቴ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚወስኑት ግን እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ናቸው። አርብ እስኪደርስ ልጆቹ ይማራሉ። አርብ ካለፈም በኋላ፣ እርስዎ ቢቆጥሩላቸውም ባይቆጥሩላቸውም፣ ይማራሉ። የሃሎቲ አባት ጀልባ ግን ሰኞ ንጋት ላይ ትወጣለች፤ ልጁ በውስጧ መኖር አለመኖሩ በእርስዎ ፊርማ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የላይኛውን ወንበር ለሚያሞቁበት ትጋትዎ እጅ እየነሳሁ፣ የመመሪያዎ ታማኝ አንባቢና በቅርቡም የጽሕፈት ቤትዎ ተቀጣሪ የመሆን ተስፋዋን በዚህ ደብዳቤ በገዛ እጇ ያሳጠረችው፣

ላቪኒያ ፊፊታ
ሃአፓይ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ወላጆች የአርቡን ስብሰባ በእነርሱ ወገን የሚመራ የተከበረ ሰው ሲፈልጉ ቆይተው፣ ታላቅ እህትዎን ወይዘሮ ፊናኡን ጠይቀው፣ እሳቸውም በደስታ ተቀብለዋል። የአንድ ቤተሰብ ሰዎች አብረው እንዲመደቡ ባዘዙት መሠረት የእርስዎ ቦታ ከእሳቸው ጎን ነው፤ ካሜራዎን ከፍተው ይጠብቁን። እሳቸው ሲገቡ እርስዎ ከስክሪኑ ቢጠፉ ግን አይጨነቁ፤ በእኛ ወገን ምክንያቱን የሚጠይቅ ሰው የለም።