ባለአልጋው መኪና

ዓርብ፣ ግንቦት 5 ቀን 2014፣ ካርቱም

ሸጥኩት! ያለ ደላላ፣ ራሴ ተከራክሬ፣ ካልኩት ዋጋ ንቅንቅ ሳልል ሸጥኩት።

የዐማራት ሰፈሩ ደላላ "አልጋውንና ምድጃውን ነቅለሽ ጣይው፤ የዕቃ መኪና ካላደረግሽው ማንም አይገዛሽም" ሲለኝ ነበር የከረመው። አሠሪዎቼ ወደ አገራቸው ሲገቡ የተዉልኝን፣ ቤት የሆነውን መኪና! እምቢ አልኩ።

ዛሬ አንድ ሽማግሌ ሐጂ ከነባለቤታቸው መጡ። ፖርት ሱዳን ልጆቻቸው ዘንድ ሲመላለሱ መንገድ ላይ ሊያድሩበት ነው። ሐጂ ሞተሩን አስነሥተው ወደዱት። ባለቤታቸው ሐጃ ግን ገብተው አልጋውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

"ዕድሜዬን ሙሉ ግቢ ውስጥ፣ ሰማይ ሥር የተኛሁ ሴት፣ አሁን ሳጥን ውስጥ ልታፈን? ያላ፣ እንሂድ!"

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ቢሆንም "ሐጃ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ ጋደም ይበሉ" አልኳቸው። እያጉረመረሙ ጋደም አሉ። ከአልጋው በላይ ያለችውን የጣሪያ መስኮት ገፍቼ ከፈትኳት። ማጉረምረሙ ቀረ።

ሐጂ ዋጋ ሊያስቀንሱ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሐጃ ዓይናቸውን ከሰማዩ ሳይነቅሉ "ኸላስ፣ በቃ! ያለችህን ስጣት" አሏቸው።

መስኮቷ በዝናብ ጊዜ እንደምታንጠባጥብም አልደበቅኩም። "ታንጠባጥብ! በዚህ ሙቀት ዝናብ ማን ይጠላል?" ብለው ሳቁ ሐጃ።

ይኼኔ ደላላው ደወለ።

"እህ፣ አልጋውን ነቀልሽው?"

"አልተቻለም" አልኩት። "ሐጃ ተኝተውበታል። አልነሣም ብለዋል።"